በመጨረሻው ሳጥን ውስጥ ያለው ሰው

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የሚያወራ ሰው ሲያጋጥመኝ «ማታ ምን በልተህ ተኛህ?» ብዬ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ኮሌጅ ውስጥ ሒሳብ አስተምሬ የምኖር፣ መንፈስም ሟርትም የማይገባኝ፣ ጓደኞቼ ይመስክሩ፤ እና አሁን የምነግርህን ስትሰማ ቶሎ አትሳቅብኝ፣ እኔም ስቄ ነበር የጀመርሁት።

ለኮሚክ ግን እብድ ነኝ። የታተመውን ማለቴ አይደለም፣ ሠዓሊው በእጁ የሠራበትን ዋናውን ወረቀት ነው የምሰበስበው፣ ሳይጠፋ የቀረ የእርሳስ መስመር ያለበትን፣ ስሕተቱ በነጭ ቀለም የተሸፈነውን፣ አንዳንዴም የሻይ ጠብታ ያረፈበትን። ይህን እብደት የሚጋሩኝ ሁለት ጓደኞች አሉኝ፣ ነርሷ ሰላምና የቄስ ልጅ የሆነው ጌትነት። ያን ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ባለ መናፈሻ የኮሚክ ሥዕል ዝግጅት አለ፣ ገቢውም ለዓይን ሕሙማን ማሳከሚያ ነው ሲባል፣ ሦስታችንም ምሳችንን እንኳ በቅጡ ሳንበላ በባጃጅ በረርን።

ወዳጄ፣ እንዴት ያለ ቀን ነበር! በገመድ ላይ በመቆንጠጫ የተሰቀሉ ገጾች በነፋሱ ይውለበለባሉ፣ ሙዚቃው ይደልቃል፣ እኔ ከአንዱ ወደ አንዱ እሮጣለሁ። ከሁሉም ግን አንዱ ገጽ አቆመኝ። የሠሩት ዕድሜያቸውን ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲስሉ የኖሩ አንድ መሪጌታ ናቸው፣ በእርጅናቸው የልጅ ልጆቻቸውን ኮሚክ አይተው «ይህማ የኛው ሥራ ነው» ብለው የጀመሩ። ገጹ አምስት ሳጥን አለው። በአራቱ ሳጥኖች አንዲት ሴት በማዕበል መሐል ታንኳ ትቀዝፋለች፣ በአምስተኛው ዳር ላይ የቆመ ሰው ሊቀበላት እጁን ዘርግቶላታል። የሰውየው ፊት ግን ባዶ ነው። ገጹ የሚሰጠው በዕጣ ነበር፣ ዕጣው የወጣለት ሰው ፊት እዚያ ላይ ይሳላል።

«ይቺን እኔ ነኝ የምወስዳት» አለች ሰላም። የሰላም እናት ዓመታት ሳያዩ ኖረው ዓይናቸው የተገለጠው ባለፈው ወር እንዲህ በተሰበሰበ እርዳታ ነው። «እማዬ ፊቴን በሥዕል አይታው አታውቅም፣ ቤት ስገባ እሰቅልላታለሁ።»

ከዕጣው ቅርጫት አንድ አንድ የታጠፈ ወረቀት አነሣን፣ ዓሣ የተሳለበት የደረሰው ባለ ዕድል ነው፣ እስኪታወጅ ድረስ መክፈት ግን አይፈቀድም። በዚህ መሐል የሰላም ስልክ ጮኸ፣ ሙዚቃው ስላላሰማት «ያዝልኝ» ብላ ወረቀቷን እጄ ላይ ጥላ ወደ ዳር ሄደች። ጌትነት ጀርባውን ሰጥቶ ሥዕል ያያል። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሁለቱንም ጠረጴዛ ሥር ከፈትኋቸው። ዓሣው የእሷ ላይ ነበር። ቀየርሁት። ይኸው ነው፣ ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አልፈጀም፣ ሲታወጅም ከሁሉ በላይ የጮኽሁት እኔ ነኝ።

መሪጌታ ብዕራቸውን ቀለም ነክረው ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«የኔ ልጅ፣ ዕጣውን አንተው ነህ ያወጣኸው?»

«አዎ መሪጌታ፣ እኔው ነኝ።»

«እንግዲያማ ቀና በል» አሉና ሳሉኝ። ቁርጥ እኔን! ጌትነት በትከሻዬ አጮልቆ አየና ሳቀ፣ «ሁለት ዓይን ሰጥተውሃል ጃል! በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ክፉ ሰው ከጎን ነው የሚሳለው፣ በአንድ ዓይን። ጽድቅህ ተረጋገጠ።» ሰላምም ከልቧ ሳቀች፣ በስልኳ ፎቶ አነሣችኝና ወዲያው ላከችልኝ። «የሚመጣው ቅዳሜ እማዬን ይዤ ቤትህ እመጣለሁ፣ እንግዲህ ያንተንም ቢሆን ትየው» አለች። ባዶዋን ወረቀት ለማስታወሻ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት።

ገጹን በካርቶን ቱቦ ጠቅልዬ ወደ ሰፈሬ ግሽ አባይ ስመለስ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ባጃጁ ሲቆም ነው ድምፁን የሰማሁት፣ ጫር፣ ጫር። ቱቦውን አራገፍሁት፣ ነፍሳት ገብቶበት ይሆናል ብዬ። ምንም የለም። ቤት ገብቼ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ፣ መስኮት ዳር ዘረጋሁት፣ እመነኝ፣ ክው ነው ያልሁት። በመጨረሻው ሳጥን ያለሁት እኔ ከጎን ነኝ። አንድ ዓይን።

ስልኬን ከፈትሁ፣ ፎቶው ላይ ሁለት ዓይን አለኝ። ጌትነት ጋ ደወልሁ፣ «ሥዕሉ ላይ ስንት ዓይን ነበረኝ?» አልሁት። «ሁለት፣ ምነው አንዱን ሸጥኸው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ቤት ሄድሁ። ገጹን ወደ ብርሃኑ አስጠግተው በጣታቸው መስመሩን ተከተሉት። «ቀለሙ የኔ ነው» አሉ። «ይህን ያሰመረው እጅ ግን የኔ አይደለም። ዕጣውን ማን አወጣው አልኸኝ?»

«እኔው» አልኋቸው፣ አሁንም። ገጹን ጠቅልለው መለሱልኝ።

ድምፁ ሌትም ቀንም አልተወኝም። ረቡዕ ዕለት አልቻልሁም፣ ቱቦውን ይዤ ሰላም ቤት፣ ፋሲሎ ሰፈር ሄድሁ፣ እነግራታለሁ ብዬ። መንገዱን ሁሉ ጫር ጫር ሲል ቆይቶ በራቸው ላይ ስደርስ ቀጥ አለ። እንዴት ያለ ጸጥታ መሰለህ! ልቤ በደስታ ሊዘል ነበር። ላንኳኳ እጄን አነሣሁ፣ ከውስጥ እናቷ «ያ ጓደኛሽ ግን ደግ ልጅ ይመስላል» ሲሉ ሰማሁ። ፎቶውን አሳይታቸው ነው መሰለኝ። እጄ አየር ላይ ቀረ። አፈርሁ፣ ዞርሁ፣ ሦስት እርምጃ ሳልሄድ ቱቦው ውስጥ እንደገና ጀመረ።

ያን ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሰቀልሁት። ዛሬ ዓርብ ነው፣ ቅድም ገልብጬ አየሁት። ሴትዮዋ አሁንም እየቀዘፈች ትመጣለች። እኔ ግን ዳሩ ላይ ጀርባዬን ሰጥቻታለሁ። የተዘረጋው እጅ የለም።

አሁን ይህን ስጽፍልህ ሰላም ደወለች። እናቷ ለነገ ቀሚሳቸውን እያስተኮሱ ነው፣ በአሥር ሰዓት ይመጣሉ።

«ሰላም» አልኋት።

«ወይ?»

«ምንም። ኑ፣ እጠብቃችኋለሁ።»

ስልኩን ስዘጋ ግድግዳው ላይ ጫር፣ ጫር አለ።