ያላቋረጠችው ሰው

ሐመልማል ምሰሶው ሥር ደርሳ ቀና ስትል ዓይኗን ማመን አቃታት። የላይኛው ሠፈር ድምፅ ማጉያ አፉ በሰሊጥ ጆንያ ተጠቅጥቆ በሲባጎ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል።

«ማን ነው እንዲህ ያደረገው?» አለች።

«የሠፈራችን ሰዎች ናቸዋ» አለች ዳናይት። «ትናንት ከቅዳሴ መልስ ተሰብስበው ተስማምተው ነው ያሰሩት። ‹እኛን የማይሰማ ሬዲዮ እኛም አንሰማውም› ነው የሚሉት።»

ሬዲዮ ሲባል ያው ስሙ ነው እንጂ ከስደተኛ ካምፑ ዳርቻ አልፎ የሚሰማ ነገር የለውም። አንድ ማይክ፣ በፀሐይ የሚሞላ ባትሪና በአራት ምሰሶ ላይ የተሰቀሉ አራት ድምፅ ማጉያዎች፣ በቃ። መጀመሪያ የጠፋ ፍየል ማስነገሪያ ነበር። ዕድሜያቸው ዐሥራ አምስት የሆነው ሁለቱ ጓደኛሞች ከያዙት ወዲህ ግን፣ ሐሙስ ሐሙስ በዐሥር ሰዓት ሐመልማል በአማርኛ፣ ዳናይት በትግርኛ የሠፈሩን ጉዳይ እያነሱ ሰው ያከራክሩበታል። ሱዳን ከተማ ሾዋክ ወርዶ ገበያ የዋለ ሰው እንኳ ሲመለስ ቅጂውን ከጎረቤቱ ስልክ ሳይቀበል አያድርም።

የሰሞኑ ጉዳይ ውኃ ነው። ካምፑ ትልቅ አዲስ ታንከር አግኝቷል፤ የት ይተከል የሚለው ግን ሰዉን ሁለት ቦታ ከፍሎታል። የታችኛው ሠፈር ሰዎች አብዛኞቹ ከመተማና ከጎንደር ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። እነሱ የውኃ ቦቴው ለዓመታት ሲቆምበት በኖረው ቦታ ይሁን ይላሉ። ከትግራይ የመጡት የላይኛው ሠፈር ሰዎች ደግሞ በሁለቱ ሠፈር መሐል ባለው ኒም ዛፍ ሥር ካልሆነ ብለዋል። ቅዳሜ በስብሰባ፣ እጅ በማውጣት ይወሰናል።

ያለፈው ሐሙስ ሐመልማል ከታች አያ አንዳርጌን፣ ከላይ አቶ ረዳኢን ጋብዛ አከራክራ ነበር። ጎበዝ ነኝ ብላ ነበር የወጣችው።

«ሃያ ሃያ ደቂቃ ነው የሰጠኋቸው» አለች። «ዋላሂ አላዳላሁም።»

ዳናይት አልተከራከረቻትም። ስልኳን አውጥታ «ቁጭ በይና ስሚው» አለቻት።

ሰማችው። አቶ ረዳኢ ስለ ሴቶቹ ልጆች መንገድ ሲጀምሩ የራሷ ድምፅ ገብቶ «ወደ ነጥቡ ይግቡልን» ይላል። ትንሽ ቆይቶ «ጊዜ የለንም።» ደግሞ «እሱን ሰምተነዋል።» አያ አንዳርጌ ግን የቦቴውን ቦታ ድንጋይ ከጓደኞቻቸው ጋር እንዴት እንደለቀሙ፣ ጎርፍ የመጣ ጊዜ እንዴት እንደደለደሉት፣ ጭቃ የያዘውን ሎሪ በምን ዘዴ እንዳወጡት ሁሉ ሲያወጉ ድምፅዋ «እሽ አያ፣ አዎ አያ» ከማለት አልፎ አልተሰማም።

«አቶ ረዳኢን አራት ጊዜ» አለች ዳናይት አራት ጣት አውጥታ። «አያ አንዳርጌን አንድም።»

ሐመልማል ፊቷ በእፍረት ጋለ። ባደገችበት ቤት ከታላቅ አፍ ነገር አይነጠቅም። አያ አንዳርጌ ደግሞ ታላቅ ብቻ አይደሉም፤ በአራት ዓመቷ ከመተማ ወደዚህ ስትሻገር በትከሻቸው ተሸክመው ያመጧት ጎረቤት ናቸው። እሳቸውን ማቋረጥ ነውር ነው። ባዳን ማቋረጥ ግን ምንም አይከብድም። እሷ ጨዋነት የመሰላት ነገር ላይኛው ሠፈር ሲደርስ ማዳላት ሆኖ ነበር የተሰማው።

«በዚህ ሐሙስ አንቺ ምሪው» አለች።

«እኔ ብመራው የታችኛው ሠፈር ጆንያ የሚቸግረው መስሎሽ ነው? ያበላሸሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺው አስተካክዪው። ደግሞ የካምፑ ኮሚቴ አንድ ሌላ አቤቱታ ከመጣ ማይኩን ቆልፎበት ሊያስቀምጠው ነው። ያኔ ኻላስ፣ አበቃ፣ ወደ ፍየላችን እንመለሳለን።»

የሐመልማል እናት ሸጊቱ ሻይ የምትሸጠው ቦቴው ከሚቆምበት ቦታ አጠገብ ነው። ልጅቱ ስትደርስ ብርጭቆ እያጠበች ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገረቻት።

«እና ሐሙስ ምን ልትይ ነው?» አለች ሸጊቱ።

«ምንም አልልም። እጠይቃለሁ።»

«አንች ልጅ፣ ታንከሩ ወደ ኒሙ ከሄደ ማን እዚህ ድረስ መጥቶ ሻይ ይጠጣል? አስበሽዋል?»

«አስቤዋለሁ እማ። ስጀምር እናቴ እዚህ ሻይ ትሸጣለች ብዬ ለሰው ልናገር ነው።»

«ሰው አያውቀውም እንዴ?»

«ያውቀዋል። ከእኔ አፍ ግን አልተሰማም።»

ሸጊቱ ብርጭቆውን ደፍታ ልጇን አየቻት። «እና የእኔን ነገር ማን ይናገርልኝ?»

«አንችው ተናገሪያ። ማይኩ የሁሉም ነው።»

«ሥጋ ያደላል ሲሉ ነበር የምሰማው» አለች ሸጊቱ። ተቆጥታ ይሁን ተገርማ አልታወቀም፤ ወደ ብርጭቆዋ ተመለሰች።

አቶ ረዳኢ አገራቸው መምህር ነበሩ፤ እዚህም በቆርቆሮ ዳስ ሥር ልጆች ያስተምራሉ። ሐመልማል ስትመጣ ደብተር እያረሙ ስለነበር ቀና አላሉም።

«አልመጣም» አሉ ገና ሳትጠይቃቸው።

«ያለፈው ጥፋት የእኔ ነው ጋሼ። ቅጂውን ሰማሁት።»

ይህን ጊዜ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። «አንዳርጌን እንደ እኔ ማቋረጥ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ» አለች ሐመልማል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

አቶ ረዳኢ ፈገግ አሉ። «‹ዳኛ ሲገኝ ተናገር፣ ውኃ ሲጎድል ተሻገር› አይደል የምትሉት? እመጣለሁ። ጆንያውን ግን እኔ አላስፈታልሽም። ሥራሽ ያስፈታው።»

ሐሙስ ዐሥር ሰዓት ላይ ሁለቱ ሽማግሎች በሬዲዮው ክፍል ከጠረጴዛው ወዲያ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ዳናይት ስልኳን መሐል ላይ አኖረች። ሐመልማል ማይኩን ያዘች።

«ከመጀመራችን በፊት ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ» አለች። «እናቴ ሸጊቱ ቦቴው በሚቆምበት ቦታ ሻይ ትሸጣለች። ታንከሩ ሌላ ቦታ ከተተከለ ሥራዋ ይጎዳል። አያ አንዳርጌ ደግሞ ለእኔ እንደ አባት ናቸው። ያለፈው ሐሙስ አቶ ረዳኢን አራት ጊዜ አቋርጬ እሳቸውን አንድም ጊዜ አላቋረጥሁም። አጥፍቻለሁ። ዛሬ ተራ በተራ አራት አራት ደቂቃ ይናገራሉ፤ ስልኩ ሲጮህ ያቆማሉ። ካዳላሁ አስቁሙኝ።»

ዳናይት አንዲት ቃል ሳታስቀር በትግርኛ ደገመችው።

«አቶ አንዳርጌ፣ ከእርስዎ እንጀምር።»

ሽማግሌው ዞር ብለው አዩዋት። «ዛሬ አቶ ሆንሁ?»

«ማይኩ ሲዘጋ አያ ነዎት።»

አቶ ረዳኢ ሳቃቸው አመለጣቸው። አያ አንዳርጌ ጉሮሯቸውን ጠርገው ያው ከድንጋይ ለቀማው ጀመሩ። ድንጋዩ አልቆ ጎርፉ መጣ፤ ጎርፉ አልፎ ሎሪው ጭቃው ውስጥ ሊገባ ሲል ሐመልማል ቀና አለች። አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም ብላ ወደ ማይኩ ተጠጋች።

«ይቅርታ አቶ አንዳርጌ፣ ላቋርጥዎት ነው።»

የሽማግሌው እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ከላይኛው ሠፈር መጨረሻ አንዲት ልጅ ጀሪካን ይዛ ቦቴው ጋ ደርሳ እስክትመለስ ስንት ሰዓት ይፈጅባታል?»

«እንጃ» አሉ አያ አንዳርጌ። «ሄጄበት አላውቅም።»

አቶ ረዳኢ «ይኸው!» ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ ሐመልማል ወደ እሳቸው ዞረች።

«እርስዎንም ላቋርጥ አቶ ረዳኢ። ታንከሩ ወደ ኒሙ ቢሄድ፣ ቦቴውን ተማምነው ሻይና ቂጣ የሚሸጡት ስምንት እናቶች የት ይግቡ?»

አቶ ረዳኢ መነጽራቸውን አወለቁ። «እውነቱን ለመናገር አላሰብኩበትም።»

ቀድመው የተናገሩት አያ አንዳርጌ ናቸው። «እንግዲያስ ነገ ጧት ጀሪካን ይዤ እሄድበታለሁ። ቅዳሜ ያየሁትን እናገራለሁ።»

«እኔም ወርጄ ሴቶቹን አነጋግራለሁ» አሉ አቶ ረዳኢ።

የዳናይት ስልክ በራ። ከላይኛው ሠፈር ሸዊት የምትባል ጎረቤቷ መልእክት ልካለች፤ «ከታችኛው ማጉያ ሰማን፤ ጆንያውን ፈትተነዋል» ይላል። ሐመልማል ቀጣዩን ጥያቄ ስታነሣ ድምፅዋ ከወደ ላይ ጥርት ብሎ ሲመለስ ሰማችው። ደስታው እንባ አመጣባት፤ ቢሆንም ጥያቄዋን አልጣለችም።

አያ አንዳርጌ ቃላቸውን አላጠፉም። ዓርብ ጧት ሃያ ሊትር ጀሪካን በትከሻቸው ይዘው ከላይኛው ሠፈር ጫፍ ቦቴው ድረስ ወርደው ሞልተው ተመለሱ፤ ሦስት ቦታ ላይ ተቀምጠው እንዳረፉ ያየ ሁሉ አወራው። ቅዳሜ ሕዝቡ ሲሰበሰብ ቀድመው ተነሡ።

«አንድ ሰዓት ከሩብ» አሉ። «ወገቤ እስካሁን ወደ ቦታው አልተመለሰም። እኔ ኒሙ ይሁን ብያለሁ።»

አቶ ረዳኢም ተነሥተው፣ ስምንቱ እናቶች ከማንም በፊት የኒሙን ጥላ ይረከቡ አሉ። «ዱካቸውንና ምድጃቸውን እኛ ከላይ ወርደን እንሸከማለን።» እጅ ይውጣ ሲባል የላዩም የታቹም እጅ ተደባልቆ ወጣ። ሐመልማል ከእጁ ሁሉ መሐል የእናቷን ፈለገች። ሸጊቱ ትንሽ ዘገየች፣ ከዚያ እጇን ከፍ አደረገች። እልልታው ከሁለቱም ሠፈር በአንድ ጊዜ ቀለጠ።

«አንች ልጅ» አሉ አያ አንዳርጌ ሲበተኑ፣ «እኔ ተሸክሜ ባሻግርሽ አንች ጀሪካን አሸከምሽኝ።»

«ማይኩ ተዘግቷል አያ፣ እንደፈለጉ ይስደቡኝ» አለቻቸው። እሳቸው ግን ግንባሯን ሳሟት።

በሳምንቱ ካምፑ ሁሉ የሐመልማልን ድምፅ ለመስማት ከዐሥር ሰዓት በፊት ሥራውን ጨረሰ። የቀኑ ጉዳይ የትምህርት ቤቱ የከሰዓት ፈረቃ ነበር፤ ይቅር የሚሉ አሉ፣ ይቀጥል የሚሉ አሉ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ራሳቸው መጥተው «ያለ አንቺ ማን ይመራዋል» ብለዋታል። ይቅር የሚሉ አንድ መምህር ቦታቸውን ይዘዋል፤ ከጎናቸው ያለው፣ ይቀጥል የሚል ተከራካሪ የሚቀመጥበት ወንበር ባዶ ነው።

ሐመልማል ማይኩን አነሣች። እሷ የምትማርበት የከሰዓቱ ፈረቃ ከቀረ ጧት እናቷን ማገዝ አትችልም፤ እናቷን ካላገዘች ደግሞ ለትምህርት የሚሆን ገንዘብ ስለማይኖር ትምህርቱ ይቀራል። ፈረቃው ይቀጥል ተብሎ በተጻፈው ማመልከቻ ላይ የመጀመሪያው ፊርማ የእሷ ነው። ለእናቷ ሥራ እንዳደረገችው ይህንንም ተናግራ ልትመራ ትችል ነበር። ነገር ግን በዚህኛው ጥያቄ ብቻ ሳይሆን መልስም ነበራት፤ መልሷንም እንዲሰሙላት ፈለገች።

ማይኩን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አድርጋ ወደ ዳናይት አስጠጋችው። ተነሥታ ዞረችና ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ዳናይት በሹክሹክታ።

«በዚህኛው እኔ ተከራካሪ ነኝ» አለች ሐመልማል። «ከረዘመብሽ አቋርጪኝ።»