የሚላሰው ግድግዳ

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አቶ ሙሉአለም ሞቶ የተገኘው ሃኒያ በሞተችበት ቦታ ላይ ነበር። ነገሩን አሰብ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም፤ ሰምቶ ደህና እንቅልፍ የተኛም ጥቂት ነው።

ሃኒያ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። በ1966 ዓ.ም. ጥር ወር አዲሱ ክፍል ውስጥ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ስትጽፍ፣ ከበላይዋ ያለው ግድግዳ ተገምሶ ወደቀባትና እዚያው ቀረች። ትምህርት ቤቱ «ንፋስ ነው» አለ። ንፋስ ደግሞ አይከሰስም። ክፍሉን ቆለፉት፤ ነገሩም በዚያው ተዳፈነ። ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ክፍል ደፍሮ የሚጠጋ ተማሪ ጠፋ። ማለዳና ማምሻ ላይ ከግድግዳው ጀርባ አንድ ነገር ሲልስ ይሰማል ተባለ። «ጂኒ ነው» ያሉ ነበሩ። «ልጅቷ ናት፤ ውሃ ጠምቷት ነው» ያሉም ነበሩ፤ እነዚህኞቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚናገሩት።

በየካቲት መጨረሻ ተማሪዎቹ ትምህርት አቁመው ወጡ። ጥያቄያቸው አንድ ነበር። የወደብ ሠራተኛ ወላጆቻቸው ከደመወዛቸው እያስቆረጡ፣ መንግሥትም አክሎበት የተሠራ ክፍል ዓመት ሳይሞላው ልጅ ሲገድል፣ ተጠያቂው ማነው? ይህንኑ እየጮሁ እስከ ወደቡ በር ሄዱ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ግቢው ጭር ብሎ ሳለ፣ የዚያ ክፍል የኋላ ግድግዳ ተናደ። ከሥሩ አቶ ሙሉአለም ጭንቅላቱ ተፈርክሶ ወጣ። ፍርስራሹ መካከል እጁ በደም ተነክሮ የተያዘው ደግሞ የሰልፉ መሪ ኻሊፋ፣ የሃኒያ ወንድም ነበር። ጠዋት በሰልፉ ላይ ዳይሬክተሩን «ይህ ግድግዳ አንድ ቀን በእርስዎም ላይ ይወድቃል» ሲለው ያልሰማ የለም።

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ለአብዛኛው ሰው ምንም። ከላይ የመጣው ትእዛዝም አጭር ነበር። ኻሊፋ በሦስተኛው ቀን ማምሻ በሚነሳው መርከብ ወደ ምጽዋ፣ ከዚያም አስመራ ወዳለው የጦር ፍርድ ቤት ይላካል። ወደዚያ የተላከ የድሃ ልጅ ደግሞ ተመልሶ አይታይም።

ጉዳዩን የያዘው ሻምበል ውድነህ ነው። ከደጋ አገር ወደ አሰብ ከተዛወረ መንፈቅ አልሞላውም። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሰው ሲያነጋግር ከፊት ይልቅ ወለል ወለሉን የሚያይ፣ በዚህም ብዙ ሰው የሚያናድድ መርማሪ ነው። ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሲገባ የኻሊፋ እናት ሐስና በሩ ላይ ተቀምጣ አገኛት።

«ሰላም አለይኩም» አላት።

ሰላምታውን መለሰችለት። ከዚያ «አንዷን ግድግዳ በላብኝ» አለችው። «የቀረኝን ደግሞ እናንተ ልትበሉት ነው?»

ሻምበሉ አልፏት ገባ። ልጁ እስር ክፍሉ ጥግ ቁጢጥ ብሎ ነበር።

«ሌሎቹ ወደብ ቀርተው አንተ ለምን ብቻህን ተመለስክ?»

«ሁልጊዜ እሄዳለሁ። ክፍሉ በር ላይ፣ ደረጃው ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ እቀመጣለሁ። ውስጡን ማየት አልችልም።»

«ምን ሰማህ?»

«ይስቁብኛል።»

«አልስቅም።»

«ያ የሚልሰው ድምፅ ነበር፤ ከኋላ በኩል። ፍየሎች እንደሆኑ አውቃለሁ፤ የእናቴም አብረው አሉ። ግን ስሰማው ሃኒያ እየመሰለችኝ ነው የምቀመጠው። ከዚያ ድምፁ ቆመ። ፍየሎቹ ደንብረው በአጠገቤ ሮጡ። ግድግዳው ወደቀ።»

«መጀመሪያ ፍየሎቹ፣ ቀጥሎ ግድግዳው?»

«አዎ።»

«እጅህስ?»

«ቆፈርኩበት። እግር አየሁ፤ ማን እንደሆነ ሳላውቅ ነው የቆፈርኩት።» ኻሊፋ አንገቱን ደፋ። «ባውቅ ኖሮ እቆፍር ነበር ወይ ብለው ግን አይጠይቁኝ።»

ሻምበሉ ከዚያ ተነስቶ ወጣ።

ሬሳው ጤና ጣቢያ ነበር። ሻምበሉ የቁስሉን ጥልቀት ካየ በኋላ ወደ ፊቱ ዝቅ አለ። በሟቹ ከንፈር ላይ ነጭ ዱቄት አለ፤ በሌባ ጣቱ ጥፍር ሥርም እንዲሁ። ኮቱ ኪስ ውስጥ ደግሞ ጭብጥ የምታክል የብሎኬት ስባሪ ተገኘች። ሻምበሉ ጨበጥ ቢያደርጋት መዳፉ ላይ ፈረሰች። ግድግዳ ሲወድቅበት የሞተ ሰው ስባሪ ኪሱ ለመክተት ጊዜ አይኖረውም።

ከዚያ ወደ ምክትል ዳይሬክተሩ ወደ አቶ ክፍሌ ሄደ። አቶ ክፍሌ ያንን ክፍል ያሠራው ኮሚቴ ሰብሳቢም ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የተመጠነ ሰው ነው። ገና አረፍ ሳይሉ የባሕሩ ንፋስ የቢሮውን በር በኃይል ወርውሮ ዘጋው። አቶ ክፍሌ ተነስቶ ከፈተውና ወንበር አስደገፈበት።

«አሳዛኝ ነገር ነው ሻምበል። አባታችን ነበር ማለት እችላለሁ።»

«ግድግዳው ሲወድቅ የት ነበሩ?»

«እዚሁ ወንበሬ ላይ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር፤ ግቢው በሙሉ ይታየኛል። ልጁ እየሮጠ አቋርጦ ወደ ክፍሉ ሲገባ አየሁት። ወዲያው ያ ድምፅ ተሰማ።»

በሩ ወንበሩን እየገፋ እየገፋ መጥቶ ጓ ብሎ ተዘጋ።

«ንፋሱ ትናንትም እንዲህ ነበር?»

«አሰብ እኮ ነው። ከሰዓት በኋላ መቼ ይተወናል።»

ሻምበሉ እንደ ልማዱ ወለሉን ያይ ነበር። ሲሚንቶው በአቧራ ጠቁሯል፤ ከበሩ ጥግ ግን ስንዝር ከምናምን የሚሆን አራት ማዕዘን ቦታ ንጹሕ ሆኖ ቀርቷል። አመሰገነና ወጣ።

ሕንጻውን የሠራው ተቋራጭ ወልደሚካኤል ላቡን እየጠረገ ተቀበለው።

«ብሎኬቱ የተሠራው በምን ውሃ ነው?»

«በቦቴ በመጣ የሚጠጣ ውሃ ነዋ። ናሙና አቅርቤያለሁ። ኮሚቴው ፊት በመዶሻ መቱት፤ አልተጫረም።»

«ናሙናው አሁን የት አለ?»

«ለትምህርት ቤቱ አስረከብኩ። እኔ ምን ላደርገው?»

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሻምበሉ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ዓብዱልመጂድን ይዞ ከፍርስራሹ ጀርባ ቆመ። ሬሳውን ያወጡት ሰዎች ብሎኬቶቹን ግራና ቀኝ ወርውረዋቸዋል። አንድ ሁለት እያሉ ፍየሎች መጡ። መላስ ጀመሩ። ያ ከተማው የሚያወራለት ሻካራ ድምፅ ግቢውን ሞላው፤ ምን እንደሆነ እያየ እንኳ ሻምበሉን ብርድ ብርድ አለው።

«የአሰብ ፍየል ካርቶን ይበላል ጌታዬ» አለ ዓብዱልመጂድ። «ግድግዳ ቢልስ ማን ልብ ይለዋል?»

«ትናንት ሲሮጡ አይተዋቸዋል?»

«አይቻለሁ። ምን አስደነበራቸው ብዬ ቀና ስል ነው ግድግዳው የጮኸው።»

ሻምበሉ ጣቱን ከአንዱ ብሎኬት ላይ አሽቶ ወደ ምላሱ ወሰደ። ከዚያ አንድ ነገር አየ። ፍየሎቹ ሁሉንም ሲያዳርሱ አንዲቷን ብሎኬት እያሸተቱ ያልፏታል። ጠጋ ብሎ ጎኗን ተመለከተ፤ አላነሳትም።

«ይህችን ማንም እንዳይነካት። ነገ ጠዋት ሁሉም እዚህ ይምጡልኝ። ሐስናም ትምጣ።»

ጠዋት ግቢው ሞላ። አቶ ክፍሌ ከመምህራኑ ፊት፣ ወልደሚካኤል ከጥግ ቆሙ። ኻሊፋ በሁለት ፖሊሶች መካከል ታስሮ ነበር፤ ሐስና ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም። ተማሪዎቹ አጥሩ ላይ ተደርድረዋል።

«መጀመሪያ ምስክሮቼ ይግቡ» አለ ሻምበል ውድነህ።

ዓብዱልመጂድ በሩን ሲከፍተው ፍየሎቹ ገቡ። ከተማሪዎቹ የሳቀ ነበር። ፍየሎቹ ሰዉን ከቁብ ሳይቆጥሩ ፍርስራሹ ላይ ወጥተው መላስ ሲጀምሩ ግን ሳቁ ተቋረጠ። ሐስና ጆሮዋን በሻሿ ሸፈነች።

«ጂኒያችሁ ይኸው ነው። እኔ ባደግኩበት አገር ከብት እንዲህ አድርጎ የሚልሰው ጨው ነው። ይህ ብሎኬት የተቦካው በባሕር ውሃ ነው፤ ስለዚህ በእጅ ይፈረፈራል። አሰብ ላይ የሁላችንም ከንፈር ጨው ጨው ይላል፤ ግድግዳውን ልቅመስ ያለ ሰው አልነበረም። ተማሪዎቹ በወጡበት ቀን ግን አቶ ሙሉአለም የተቆለፈውን ክፍል ከፍቶ ገባና ቀመሰው። ከንፈሩ ላይ አገኘሁት። ስባሪም ለማስረጃ ኪሱ ከተተ።» ወደ ተቋራጩ ዞረ። «የሚጠጣው ውሃ የት ገባ?»

ወልደሚካኤል ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። «ቦቴው እዚህ አይራገፍም ነበር። ውሃው ከተማ ይሸጥ ነበር። ግን ብቻዬን አይደለሁም።»

«እንዳልሆኑ አውቃለሁ። አሁን እዚያች ብሎኬት ጋ እዩልኝ።»

አንዲት ፍየል አሸተተቻትና አለፈች። ሌላዋም እንዲሁ።

«ሁሉን ሲልሱ እሷን ለምን ይተዋሉ?» ሻምበሉ በሁለት እጁ አነሳት። ሥሯ ላይ ደም ደርቆ ፀጉር ተጣብቆበታል። «በሚጠጣ ውሃ ስለተሠራች ነው። ጎኖቿን እዩ፤ አንድም የሲሚንቶ ምልክት የለም። ግድግዳ ውስጥ ገብታ አታውቅም። ታዲያ ከግድግዳ ፍርስራሽ መካከል ምን ትሠራለች?»

«ናሙናዬ ናት» አለ ወልደሚካኤል ሳይጠየቅ።

«የት ነበር የምትቀመጠው?»

«አቶ ክፍሌ ቢሮ» አለ ዓብዱልመጂድ። «በሩን ንፋስ እንዳይዘጋው ያስደግፉባት ነበር።»

አቶ ክፍሌ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «የመጣ የሄደ ሊወስዳት ይችላል።»

«ይችላል። እርስዎ ግን ግድግዳው ሲወድቅ በተከፈተው በር ኻሊፋን አየሁት አሉኝ። ያ በር በወንበር እንኳ አልቆመም፤ አብረን አይተነዋል። ግድግዳው ሲወድቅ ብሎኬቷ እዚህ ነበረች። በሩን ምን ይዞት ነበር?»

አቶ ክፍሌ ወደ ቢሮው በር ዞር ብሎ አየ።

«ኻሊፋ ፊት ለፊት ደረጃው ላይ ነበር። ፍየሎቹ የደነበሩት ከኋላ ነው፤ ግድግዳው ሳይወድቅ በፊት። ዘበኛውም አይቷል። ያስደነበራቸው ግድግዳው አይደለም፣ ሰው ነው። መትቶ የገደለ፣ ልጁ መምጣቱን ሲሰማ በመስኮት ወጥቶ ግድግዳውን በሬሳው ላይ የገፋ ሰው።»

«ግድግዳ በአንድ ሰው ይገፋል እንዴ?» አለ አቶ ክፍሌ።

ሻምበሉ ሳይናድ ወደቀረው የግድግዳው ጫፍ ሄዶ ትከሻውን አሳረፈበት። ትንሽ ተንጓጓና ተናደ። አቧራው ሰዉ ላይ ተበተነ።

«አንድ ሰው ይበቃዋል» አለ ሻምበሉ። «ሃኒያ ላይማ ማንም አልገፋውም።»

አቶ ክፍሌ የተተኮሰ ሸሚዙን አቧራ ማራገፍ ጀመረ። «አቶ ሙሉአለም ናሙናዋን ይዘህ ና አለኝ። አመጣሁለት። ከሌላው ጋር ሲያጋጫት ያኛው ዱቄት ሆነ። ከዚያ የልጅቷ ወንበር ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። እናቷ ቤት አብረን ሄደን እንንገራት አለኝ። ፍርድ ቤት ቢለኝ እሺ እል ነበር። እናቷ ፊት ግን አልቆምም አልኩት። አልሰማኝም፤ ሊነሳ ሲል …»

ሐስና ከሰዉ መካከል ወጣች። ቀስ ብላ ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«ይኸው ቆምክ» አለችው።

ፖሊሶቹ የኻሊፋን እጅ ፈትተው አቶ ክፍሌን አሰሩት። ወልደሚካኤልንም ወሰዱት። ተማሪዎቹ አጥሩን ለቀው ኻሊፋን ከበቡት። ሐስና የልጇን አንገት አቅፋ፣ የቆሰሉ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከዳሰሰች በኋላ ወደ ሻምበሉ መለስ አለች።

«ሃኒያ ትነግረኝ ነበር» አለችው። «‹እማ፣ ፍየሎቻችን ትምህርት ቤት ይወዳሉ፤ የእኛን ክፍል ሲልሱ ይውላሉ› ትለኝ ነበር። እኔ እስቅ ነበር። አብረን እንስቅ ነበር።»

ሻምበል ውድነህ እንደ ልማዱ መሬቱን አላየም፤ ፊቷን አየ። «ከተማው በሙሉ አይቷል፤ እኔም ከመጣሁ ጀምሮ አይቻለሁ» አላት።

ከኋላቸው መላሱ ቀጥሏል። ሐስና ድንጋይ አነሳች። እነዚያን ፍየሎች መትታ አታውቅም ነበር፤ አሁን ግን እያለቀሰች ወረወረችባቸው።

«ውረዱ» አለች። «ከልጄ ላይ ውረዱ።»

ፍየሎቹ ራቅ ብለው ቆሙ። ሰዉ ሲበተን ግን ተመልሰው መጡ።