የሁለት መዶሻ ድምፅ

ቢላዋ ቀጥቃጩ ሱሩር ራሱ በሠራው ቢላዋ ከጎድኑ ሥር ተወግቶ፣ በግቢው ወርክሾፕ ከብረት መቀጥቀጫው መስፍ አጠገብ ወድቆ ሞቶ የተገኘው እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ያገኘችው ከቢስቲማ ከእናቷ ቤት አድራ የተመለሰችው ሚስቱ ሐምዲያ ነበረች። ኢንስፔክተር ሸዋዓለም ከፒያሳ ጀርባ ባለው ቁልቁለት በባጃጅ ወርዳ ስትደርስ የጦሳ ተራራ ጉም ሰፈሩን አልብሶት ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል፤ ከአጥሩ አልፎ የገባ ግን አንድም ሰው የለም።

ምክንያቱን የነገሩዋት አጥር የሚጋሩት አሮጊት፣ እማማ ቡዜ ናቸው። የሱሩር መዶሻ ከረፋዱ ጀምሮ ሲጮህ ነበር። አንድ መዶሻ ግን አልነበረም፤ ሁለት ነበር።

«አንዱ ከባድ፣ አንዱ ቀላል። አንዱ ሲያነሳ አንዱ ይመታል» አሉ መቁጠሪያቸውን አጥብቀው ይዘው። «ሱሩር ብቻውን ነው የሚሠራ፣ ልጄ። መስፉም አንድ ነው። ሌላውን ማን መታው፣ ጂን ካልሆነ?»

«እስከ ስንት ሰዓት ሰሙት?»

«እስከ ዙሁር ሶላት፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ግድም። መዶሻው ቀጥ አለና ወዲያው አዛን ተባለ። እሱም እንደወትሮው አይደለም፤ መብራት ሄዶ ሙአዚኑ በባዶ አፉ ነው ያሰማን። ድምፁ ከሩቅ ስልል ሲል ሰውነቴን ውርር አደረገኝ፣ ወላሂ።»

ሸዋዓለም ወደ ወርክሾፑ ገባች። ሃያ ስድስት ዓመት በፖሊስነት ስትሠራ የፈራ ሰው የሚሰማውን አብዝታ ባታምንም ንቃ አትተወውም ነበር። የብረት ማጋያው ምድጃ አመድ ውስጥ እጇን ሰደደች፤ እንደ ጓሮ አፈር ቀዝቅዟል። ግድግዳው ላይ አሥራ አንድ ቢላዎች ተደርድረዋል። ሁሉም በአንድ ጎናቸው ብቻ፣ በቀኝ በኩል የተሞረዱ ናቸው። ሱሩርን የገደለው አሥራ ሁለተኛው አዲስ ቢላዋ ግን የተሞረደው በግራ ጎኑ ነበር። ከስለቱ ላይ ከደሙ ሌላ የሽንኩርት ቅጠል ተጣብቆበታል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን ተቀምጧል። በሁለቱም ውስጥ እንደ ክር የቀጠነ የስንዴ ሊጥ መረቁን ሁሉ መጥጦ አብጧል፤ ግማሽ እንቁላል ከላዩ ላይ፣ የተከተፈ ሽንኩርት ከጎኑ። ማንም አልነካቸውም።

ሐምዲያን ስለ ሳህኖቹ ስትጠይቃት ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ምግቡ ራመን ይባላል። ሱሩርና ጓደኛው ፉርቃን ከአራት ዓመት በፊት ጃፓን ሄደው፣ በአንዲት የባሕር ዳር ከተማ ከአንድ ሽማግሌ ቢላዋ ሠሪ ዘንድ አንድ ዓመት ተምረዋል። ጠንካራውን ብረት በለስላሳው መሐል ደብቆ መቀጥቀጥ፣ ስለቱን በአንድ ወገን ማውጣት የዚያ ሽማግሌ ትምህርት ነው። ማታ ማታ ባቡር ጣቢያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ይገባሉ። ባለቤቲቱ የአሳማ እንደማይበሉ ስታውቅ፣ ለሁለቱ ብቻ በሌላ ድስት የደረቀ ዓሣ መረቅ ታፈላላቸው ጀመር። ወንድማማች እንሁን ብለው የተማማሉት እዚያ ወንበር ላይ ነው።

«እዚህ በዶሮ መረቅ ይሠራዋል» አለች ሐምዲያ። «በጣም ደስ ሲለው፣ ወይ በጣም ሲከፋው። ከቀረበ ደግሞ ወሬ አይፈቅድም። ቶሎ ካልተበላ ያብጣል ይላል።»

የሰፈሩ ጣት የተቀሰረው በሱሩር ታላቅ ወንድም በጀላል ላይ ነበር። ጀላል ፒያሳ ላይ የጨርቅ ሱቅ አለው፤ የነጋዴ ዘር ሆኖ ወንድሙ ቀጥቃጭ መሆኑን እንደ ውርደት ቆጥሮት፣ ቤቱ እንዳይደርስ በሰው ፊት ከልክሎታል። እሑድ እስከ ዙሁር ሱቁ ውስጥ ታይቷል፤ ከዚያ በኋላ የት እንደነበር የሚመሰክርለት የለም። ራሱም ብዙ አልተከራከረም። ቤቴ ገብቼ ተኛሁ አለ። ከዚያ ቀና ሳይል፣ ወንድሙን ካናገረው ሦስት ዓመት እንዳለፈው ተናገረ።

ሸዋዓለም በማግስቱ ኮምቦልቻ ወረደች። ፉርቃን እዚያ የእርሻና የአጨዳ መሣሪያ የሚጠግንበት ትንሽ ቤት አለው። ሐዘን ፊቱን አጥቁሮታል፤ ዓይኑ ከበሩ አይነቀልም፣ ከኋላው የሚጠራው ሰው ያለ ይመስል ቶሎ ቶሎ ይዞራል። እሑድ ዙሁርን እዚያው ኮምቦልቻ መስጊድ በጀመዓ እንደሰገደ ብዙ ሰው መስክሮለታል። ሻይ ቀድቶ በቀኝ እጁ አቀበላት። ሸዋዓለም ብርጭቆውን ስትቀበል እጁን አየች። ከአውራ ጣቱ እስከ ክርኑ የእሳት ፍንጣሪ ያቃጠለው ትናንሽ ጠባሳ ሞልቶበታል። ግራ እጁ ንጹሕ ነው። ሻዩን ጠጥታ፣ አመስግና ተመለሰች።

ረቡዕ ረፋድ አራቱንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሐምዲያና እማማ ቡዜ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ ጀላል በሩ ዘንድ ቆመ፣ ፉርቃን ከመስፉ ራቅ ብሎ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ሱሩር እስከ ዙሁር በሕይወት ነበር ያላችሁኝ መዶሻ ስለተሰማ ነው» አለች ሸዋዓለም። «አመዱ ግን ቀዝቅዞ ነው ያገኘሁት። እሳት ሳያነድ ግማሽ ቀን ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው የለም። ራመኑም መረቁን ጨርሶ ጠጥቷል፤ ከረፋድ ጀምሮ ሳይነካ የቆየ ነው። ሱሩር መዶሻው ገና ሳይቆም ሞቶ ነበር።»

እማማ ቡዜ «አዑዙ ቢላህ» ብለው ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ።

«አብሽሩ፣ እማማ፤ ጂን አይደለም። ድምፁ የቆመው አዛኑ ያለ ማጉያ በተባለበት ሰዓት ነው ብለውኛል። ያኔ የሄደው መብራቱ ነው። የሰው ክንድ ደግሞ መብራት ሲሄድ አይቆምም።»

መደርደሪያው ላይ ከሞረዶቹ ኋላ የተቀመጠች ትንሽ የድምፅ ማጫወቻ ነበረች። ባትሪ የላትም፤ በመብራት ገመድ ነው የምትሠራ። ሸዋዓለም ሰካቻት። ሁለት መዶሻ፣ አንዱ ከባድ አንዱ ቀላል፣ እየተቀባበሉ ቤቱን ሞሉት። ከመሐል የሽማግሌ ሳል፣ ከዚያ የባዕድ ቋንቋ፣ ከዚያ እንደገና መዶሻ። አላቆመም፤ ሲያልቅ ከመጀመሪያው ይነሳል።

«ሱሩር ጃፓን ሳለ የቀዳው ነው። እሑድ ለእንግዳው ከፍቶለት ነበር» አለች ድምፁ እንደቀጠለ። «እንግዳው ቅርብ ሰው ነው፤ ሽንኩርቱን የከተፈው እሱ ነው፣ በዚያው በአዲሱ ቢላዋ። ቢላዋው በግራ በኩል የተሞረደው ለግራኝ ሰው ስለተሠራ ነው። ከእናንተ ግን በግራው ሲበላ ወይም ሰው ሲጨብጥ የታየ የለም። ከልጅነቱ በቀኙ እንዲጠቀም ተገርቶ ሊሆን ይችላል። ቀጥቃጭ ግን መዶሻውን በሚቀናው እጅ ይይዛል፣ ጉጠቱን በሌላው፤ ፍንጣሪ የሚያቃጥለውም ጉጠት የያዘውን ነው። የሱሩር ጠባሳ ግራ እጁ ላይ ነበር። ያንተ ቀኝህ ላይ ነው፣ ፉርቃን።»

ፉርቃን መሬት ላይ ተቀመጠ።

«አጥፉልኝ» አለ። «አንደኛው መዶሻ የኔ ነው። ሱሩር እየቀዳ፣ እኔና ሽማግሌው ስንመታ። እሑድ ሳልዘጋው ወጣሁ። እስከ ኮምቦልቻ ተከተለኝ። እስካሁንም አለ።»

ሸዋዓለም ነቀለችው። ፉርቃን ሳይጠየቅ ቀጠለ። ከሁለት ዓመት በፊት ሽማግሌው ታምሞ፣ መስፉን ሊያወርሰው ፉርቃንን ጠርቶት ነበር። ደብዳቤው የመጣው በሱሩር አድራሻ ነው፤ ሱሩር ቅናት ይዞት ደበቀው። ሽማግሌው የጠራሁት ልጅ ናቀኝ ብሎ ሞተ። ሱሩር ይህን የነገረው እሑድ ነው፣ ራመኑን ፊቱ አስቀምጦ፣ እያለቀሰ።

«ቢላዋው በእጄ ነበር» አለ። «ሌላ የማስታውሰው የለም።»

ሐምዲያ ከአግዳሚው ተነሳች። ቀስ ብላ ወደ እሱ ዞረች።

«ሌላውንስ አልነገረህም?»

«ምኑን?»

«ቅዳሜ በስልክ ነግሮኝ ነበር። ለሽማግሌው ልጅ በደሉን ሁሉ ጽፎላታል። እሷም ይቅር ብላዋለች። የአባቴ ቦታ አልተዘጋም፣ ፉርቃን ይምጣ ብላ በስምህ የጥሪ ወረቀት ልካለች። ቢላዋው ይዘኸው እንድትሄድ ነው የተሠራው። ይህን የሰማ ሰው እንዴት ክፉ ይሠራል ብዬ ነው አንተን ለአፍታ እንኳ ያልጠረጠርኩህ።»

ፉርቃን ሳህኖቹ ተቀምጠውበት ወደነበረው ጠረጴዛ ዞረ።

«አላስጨረስኩትም» አለ።

ጀላል በሩን ትቶ መጣና ወንድሙ የወደቀበት ቦታ ላይ በርከክ ብሎ ተንሰቀሰቀ። ማንም አላነሳውም።

ፉርቃን በዚያው ቀን ሦስት ገጽ ቃል ሰጥቶ ፈረመ። ሸዋዓለም ወረቀቷን ሰብስባ ልትወጣ ስትል አንድ ነገር እንድትነግረው ለመናት፤ ጥሪው ለመቼ እንደነበር። ልትዋሸው አሰበች። ከዚያ ሐምዲያ ከሰጠቻት የጥሪ ወረቀት ላይ ያነበበችውን እውነት ነገረችው። ለመጪው ወር መጀመሪያ ነበር።

ጣቶቹን እያጠፈ የቀሩትን ቀናት ሲቆጥር ትታው ወጣች።