የየካቲት አሥራ አንዱ ፎቶ

መካነ ሰላምን ሠላሳ ዓመት ፎቶ ሲያነሳ የኖረው የኋላሸት በሞተ ጊዜ፣ ለለቅሶው የሚሰቀል የራሱ ፎቶ ጠፋ።

ሬሳውን እሑድ ጠዋት ያገኘው የስቱዲዮው ጎረቤት፣ ስልክ ጠጋኙ ሙሐመድአሚን ነው። የኋላሸት የጓዳው በር ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ማጅራቱን የድንጋዩ ደፍ መትቶት ተገኘ። መነጽሩ ታጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር። ታብሌቱ ጠረጴዛው ላይ ቻርጅ ላይ እንደተሰካ ነው። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሞቶ እስከ እሑድ ጠዋት የት ገባ ያለው ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለ ሞት ያናድዳል።

«አዳልጦት ነው» አለ ሰፈሩ በአንድ አፍ። ኢንስፔክተር ብርሀንነሽ ደግሞ ሰፈር በአንድ አፍ ሲናገር ደስ አይላትም። ከደሴ ተዛውራ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ እሷም ብቻዋን በኪራይ ክፍል ስለምትኖር፣ የብቸኛ ሰው ቤት ስትገባ ምን እንደምታይ ታውቃለች።

ታብሌቱን ነካ ስታደርገው ወዲያው ተከፈተ።

«የይለፍ ቁጥር የለውም?»

«‹የምደብቀው ሰው የለኝ› ይሉ ነበር» አለ ሙሐመድአሚን። «በየቀኑ የካሜራቸውን ፎቶ እዚህ ይገለብጣሉ። የድሮዎቹንም እኔ ነኝ ያስገባሁላቸው። ለየቀኑ አንድ ፎልደር አለው፤ ቀኑን እንጂ ስም አይጽፉበትም። ስሙን በቃላቸው ነው የሚይዙት።»

«ሞልቷል ይላል።»

«ወላሂ፣ ስንቴ ሰርዙ ብያቸዋለሁ! የደበዘዘውን፣ እግር ብቻ የወጣበትን ይሰርዛሉ እንጂ የሰው ፊት አይሰርዙም። ‹ነገ ቤተሰቡ ለለቅሶ ብሎ ቢመጣስ?› ይሉኛል።»

ብርሀንነሽ ታብሌቱን ስትነካካ ቆይታ አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ቆመ። ለረጅም ጊዜ አየችና ዘጋችው፤ ያየችውን ግን ለማንም አልተናገረችም። ከታብሌቱ ሥር አንዲት ብጣሽ ወረቀት ነበረች፤ በየኋላሸት እጅ «የካቲት 2፣ ሰማንያ ቀን፣ ሚያዝያ 22/1999» ተብሎ ተጽፎባታል።

ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ስቱዲዮው ሲገቡ የታዩት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ ራሱ ሙሐመድአሚን ነው። ሁለተኛዋ አልታየች የምትባል ከአጅባር የመጣች የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ናት። ሦስተኛው ቤቱን ለየኋላሸት ያከራየው ቆርቆሮ ነጋዴው ባህሩ ነው።

አልታየች ስትጠየቅ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ ነበር።

«ለምን ነበር የመጣሽው?»

«የክርስትናዬን ፎቶ ፍለጋ ነው። አባቴ ክንፈ አምና ሞተ። እናቴማ በሕፃንነቴ ነው የሞተችው፤ ያሳደገችኝ አያቴም የለችም። ማክሰኞ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለን። አጎቴ ባህሩ ‹ወንድሜ ልጅ የለውም› ብሎ ክዶኛል።»

«የአባትሽን ቤት ፈልገሽ ነው?»

«ቤቱንስ ይውሰደው። አባቴ አንድ ቀን እንኳ እንዳቀፈኝ ላሳይ ብዬ ነው። የማንም አይደለሽም መባል ከበደኝ።»

«ፎቶውን አገኛችሁት?»

«የት ተገኝቶ! ጋሼ የኋላሸት አባቴን ልጅ አቅፎ እንዳነሱት ትዝ ይላቸዋል፣ ቀኑ ነው የጠፋባቸው። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ አይደል ክርስትና የምትነሳው? ከልደቴ ቆጥረን ሚያዝያ ሃያ ሁለትን ከፈትን፤ የሌላ ሰው ልጅ ናት። የዙሪያውንም ቀን አየን። በኋላ ‹የሚያውቅ ሰው እጠይቅልሻለሁ፣ ሰኞ ተመለሽ› አሉኝ።»

ባህሩ በበኩሉ ወንበሩን ሞልቶ ተቀመጠ።

«ጋሽ ባህሩ፣ ቅዳሜ ለምን መጡ?»

«የገዛ ቤቴ! ጣሪያው ያፈሳል ብሎኝ ላየው መጣሁ።»

«አልታየችን ያውቋታል?»

«ከየት አውቄ? ስትወለድም፣ ስትጠመቅም አላየሁ። ወንድሜ ሳይወልድ ነው የሞተው፤ ነፍሱን ይማረው።»

ሰኞ ረፋዱ ላይ ብርሀንነሽ ሦስቱንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ፊት፣ ስንት ሙሽራ በተነሳበት አግዳሚ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። የሚያነሳቸው ሰው ብቻ ነው የጎደለው።

«አልታየች፣ ፎቶሽ ተገኝቷል» አለች ብርሀንነሽ ታብሌቱን ከፍ አድርጋ። «ሚያዝያ ሃያ ሁለት፣ ልክ በሰማንያ ቀንሽ። የአባትሽ ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው፤ ግን ለዳኛው ይበቃል።»

ልጅቷ አፏን ከፈተች፤ ኢንስፔክተሯ በዓይኗ ዝም አሰኘቻት። ባህሩ ግን ተነሳ።

«ውሸት ነው! ያቺ እሷ አይደለችም! እሷ እንዳትሞት ተብሎ በዘጠኝ ቀኗ ነው የተጠመቀች...»

ባህሩ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ስትጠመቅ አላየሁም ብለውኝ ነበር» አለች ብርሀንነሽ። «እንግዲህ ከመነጽሩ ልጀምር። የኋላሸት ያለ መነጽር ታብሌት አያይም። ሲሞት መነጽሩ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ስለዚህ ቆሞ ከሰው ጋር እያወራ ነው የወደቀው። ወደ ኋላ ነው የወደቀው፤ ወለሉም የሚያዳልጥ አይደለም፤ ስለዚህ ተገፍቷል። ያን ዕለት ደግሞ አንድ ፎልደር፣ አንድ ብቻ፣ ተሰርዟል። ፊት የማይሰርዝ ሰው አልሰረዘውም።»

«ታብሌት የሚያውቀው ይኼው ጎረቤቱ አይደለም እንዴ?» አለ ባህሩ፣ ድምፁ ግን ደክሟል።

«እሱ ቢሆን ማቆያውንም ባዶ ያደርገው ነበር። የተሰረዘ ፎቶ ሠላሳ ቀን እዚያ ይቆያል፤ ታብሌቱ አሁንም ሞልቷል የሚለው ለዚህ ነው። ሰራዡ ይህን አያውቅም፤ ቀኑን ግን ያውቃል። የተሰረዘው የየካቲት አሥራ አንድ ነው፤ አልታየች በተወለደች በዘጠኝ ቀኗ። እሷና የኋላሸት እንደ ማንኛችንም ሰማንያ ቆጥረው ሚያዝያ ላይ ሲፈልጉ ነበር። ልጅቷ ታማ ቀድማ እንደተጠመቀች የሚያውቁት ክርስትናው ቤት የነበሩት ናቸው፤ ከነሱም በሕይወት ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ፎቶዎቹ ላይ ከወንድምዎ ጎን ቆመው ይስቃሉ።»

ባህሩ መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ። «ሱቄ ድረስ መጥቶ ‹አንተ ነበርክ፣ ቀኑን ንገረኝ› አለኝ። ሌላ የሚጠይቀው ሰው አልነበረውም። ተከትዬው መጥቼ ተወው፣ አትፈልግላት አልኩት። እምቢ አለኝ። ልገድለው ብዬ አይደለም የገፋሁት።»

ፖሊሶች ባህሩን ይዘው ከወጡ በኋላ ሙሐመድአሚን የተሰረዙትን ፎቶዎች ወደ ቦታቸው መለሳቸው። በመጨረሻው ላይ ክንፈ ብቻውን ቆሟል፤ በጋቢ የተጠቀለለች፣ ከጡጫ ብዙም የማይበልጥ ፊት ያላት ሕፃን አቅፏል። አልታየች ስክሪኑን በጣቷ ነካችውና አለቀሰች። ከክንፈ ኋላ የቁም ሣጥን መስተዋት አለ። መስተዋቱ ውስጥ አንድ ወጣት ካሜራውን ደረቱ ላይ ይዞ፣ ወደ አባትና ልጁ እያየ ፈገግ ብሏል።

«ጋሼ ናቸው!» አለ ሙሐመድአሚን። «አልሐምዱሊላህ፣ የለቅሶው ፎቶ ተገኘ! እሳቸውን ብቻ ቆርጬ ላሳድጋቸው።»

«አትቁረጣቸው» አለች አልታየች። «እንዲሁ ከኛ ጋር ይሰቀሉ። ከቆረጥካቸው እንደገና ብቻቸውን ይቀራሉ።»