ከኮምፒውተሩ የተጠረገ ድምፅ

«በዚህ ቤት ኮምፒውተሩ የሚሰማው እኔን ብቻ ነው! ከእኔ ማሽን ላይ አንዲት ፋይል ጠፍታ አታውቅም፤ አትጠፋምም!»

ይህን የምትለው ሚጢጢ ነበረች። ዕድሜዋ ገና አሥራ ስድስት ቢሆንም፣ ስለ ኮምፒውተር ስታወራ ራሷ አምጣ የወለደችው ይመስል ነበር። ማሽኑ እንኳ ያን ያህል የሚያስኮራ አልነበረም። ሰው ሲጠቀምበት ኖሮ የሰለቸው፣ ማራገቢያው ሲዞር እንደ ወፍጮ የሚያጓራ፣ ግማሹ ቁልፍ በጥፍር ካልተጫኑት የማይሰማ አሮጌ ዕቃ ነው። እሷ ግን ማንም ሳያስተምራት ከኢንተርኔት እየለቃቀመች ኮድ መጻፍ ለምዳ፣ ትንንሽ ጌሞች እየሠራች ገጿ ላይ ትለጥፍ ነበር። ተከታዮቿ አርባ ሦስት ናቸው። ሁለቱን የከፈተቻቸው ራሷ ናት፤ ይህን ለማንም እንዳትነግሩባት!

ቤቱ ውስጥ ሦስት ሴቶች ናቸው። አባት ሚጢጢ አፏን ሳትፈታ ነው ያረፈው። እናት የአውቶቡስ መናኸሪያ አስተዋዋቂ ናት። «ሁለተኛው መስመር ላይ ያለው አውቶቡስ ሊነሳ ነው፤ ዕቃችሁን እንዳትረሱ፣ ልጆቻችሁንም እንዳትረሱ!» ስትል፣ የሚያለቅስ ሕፃን እንኳ ዝም ብሎ ያዳምጣት ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጣ መንገደኛውን ስትሸኝ ኖረች። ያንን ድምፅ ማን ቀድቶ አስቀመጠው? ማንም! የሰማው ሁሉ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ይሄዳላ። ታላቅ እህት ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስለ ኮምፒውተር የምታውቀው ማብራትና ማጥፋት ብቻ ነው፣ እሱንም አንዳንዴ ትስታለች።

ታዲያ አንድ ሰሞን እናት ከሥራ ስትመለስ፣ ታላቋን ይዛ ኮምፒውተሩ ያለበት ክፍል እየገባች በሩን መዝጋት ጀመረች። ከውስጥ ሹክሹክታ ይሰማል፤ ሳቅ ይሰማል፤ አንዳንዴ ደግሞ ቶሎ የማያቆም ሳል…

«ምንድን ነው የምትሠሩት?» ትላለች ሚጢጢ በሩን እየደበደበች።

«አንቺ ፈተናሽን አጥኚ!» ይላል የእህቷ ድምፅ።

«ኮምፒውተሩ እኮ የእኔ ነው!»

«አንድ ሰዓት ብቻ፣ የኔ እመቤት። አንበላብሽም» ትላለች እናት።

አንበላብሽም! ሚጢጢ ግን የተበላባት ኮምፒውተሩ አልነበረም፤ እናቷ እንጂ። እናትና ልጅ እየተሳሳቁ የሚሠሩት ቪዲዮ በዚያ ሰሞን ኢንተርኔቱን አጥለቅልቆት ነበርና፣ ሁለቱ ተማክረው ገጽ ሊከፍቱ ነው ብላ ደመደመች። እሷ አርባ ሦስት ሰው ለማግኘት ሁለት ዓመት ዓይኗን ስታጠፋ፣ እነሱ ጥርሳቸውን እያሳዩ በሳምንት አሥር ሺህ ሰው ሊሰበስቡ! ደግሞስ ማሽኑን የምታውቀው እሷ ሆና ሳለ፣ ያቺ ማውሱን እንደ መቀስ የምትይዝ ልብስ ሰፊ ተመርጣ እሷ በር ላይ ትቁም? ቅናት ያዛት።

ሐሙስ ቀን ሁለቱም ሥራ ላይ ሳሉ፣ የመጨረሻ ጌሟን ልትጭን ስትል ማሽኑ «ዲስኩ ሞልቷል» አላት። ምን ሞላው? ብላ ብትፈትሽ፣ «የእማዬ» የሚል ፎልደር አገኘች። ሁለት ሺህ አንድ መቶ የድምፅ ፋይል! የመጀመሪያውን ዘልላ ሁለተኛውን ከፈተች።

«የኔ ማር» አለች እናቷ።

ሌላ ከፈተች። «ኮርቼብሻለሁ፣ ልጄ።»

ሌላ። «ነይ እስኪ ልቀፍሽ።»

ኮርቼብሻለሁ! ሚጢጢ ያንን ቃል ለመስማት ስንት ጌም ሠርታ አሳይታለች! «እሺ፣ አሁን እራትሽን ብዪ» ነበር መልሱ። ለታላቋ ግን በሁለት ሺህ አንድ መቶ ፋይል! ሌላ ለመስማት አልታገሠችም። ቆሻሻ ፋይል የምትጠርግበት፣ ራሷ የጻፈችው ፕሮግራም ነበራት፤ የፎልደሩን ስም አስገባችና ቁልፉን ተጫነች። ፕሮግራሙ የጠረገውን የኮምፒውተሩ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አያስቀምጥም፤ ከነሥሩ ነው የሚያጠፋው። በዚህም ትኮራበት ነበር። ከዚያ በተለቀቀው ቦታ ላይ ጌሟን፣ በጌሙም ላይ ሥዕሉን፣ በሥዕሉም ላይ ሙዚቃውን ሞላችበት። ምነው እጇን ቁርጥማት በያዘው!

ቅዳሜ እናት «ለትንሽ የጉሮሮ ሕክምና» ብላ ሆስፒታል ገባች። ስትመለስ አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ከጉሮሮዋ ሥር ትንሽ ቀዳዳ ተበጅቶላት፣ በእጇ ደብተር ይዛ ነበር። ሚጢጢን ስታይ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም።

«መቼ ነው የሚመለስላት?» አለች ሚጢጢ፣ እህቷን ወደ ጓዳ ጎትታ።

«አይመለስም። ካንሰር ነው፤ ማንቁርቷን አወጡት። ፈተናሽን እስክትጨርሺ እንዳልነግርሽ አስምላኝ ነው…» ታላቋ እንባዋን በልብስ መለኪያ ሜትሯ ጫፍ ጠረገች። «ግን አይዞሽ! ሆስፒታል ያለችው ባለሙያ መክራን፣ የምትፈልጋቸውን ቃላት አስቀድመን ቀድተናል። ስልኳ ላይ ቃሉን ስትነካው በራሷ ድምፅ ይናገርላታል። ፕሮግራሙን እንሥራልሽ ሲሏት ምን አለች መሰለሽ? ‹ሚጢጢዬ ናት የምትሠራልኝ፤ ሌላ ሰው አልፈልግም› አለች። በይ ክፈቺውና ጀምሪ።»

ሚጢጢ ግድግዳውን ያዘች።

«እትዬ… ሌላ ቦታ አላስቀመጣችሁትም?»

«ለምን እናስቀምጣለን? ከእኔ ማሽን ምንም አይጠፋም የምትይው አንቺ አይደለሽ?»

ሚጢጢ የሆነውን ሁሉ ስትናገር፣ ታላቋ ሳትጮህ ከቦርሳዋ አንድ የተጣጠፈ ወረቀት አውጥታ ዘረጋችው። እናት በእጇ የጻፈችው የቃላት ዝርዝር ነበር። የመጀመሪያው መስመር «ሚጢጢ ተነሺ፣ ረፈደ» ይላል።

«እኔ የሃያ ስድስት ዓመት ሴትዮ ነኝ» አለች ታላቋ። «ማን ነው እኔን የኔ ማር የሚለኝ? ሁሉም ላንቺ ነበር፣ አንቺ ደደብ!»

ወይ ጉድ! ሰው ለራሱ የተዘጋጀን ፍቅር በሌላ ሰው ቀንቶ ያጠፋል?

ሚጢጢ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች የሚሰባሰቡበት መድረክ ላይ ገብታ ጠየቀች። «ባክአፕ፣ መጠባበቂያ ቅጂ የለሽም?» አላት አንዱ። «ከሰረዝሽ ወዲህ ዲስኩ ላይ የጫንሽው ነገር አለ?» አላት ሌላው። «ሞልቼዋለሁ» ብላ ስትመልስ፣ «በቃ አልቅሺ» አላት ሦስተኛው፣ ከሳቅ ምልክት ጋር። ቢሆንም ለቀናት ሞከረች። የተመለሱላት አሥራ አንድ ፋይሎች ውስጥ ያለው ሁሉ ግርርር የሚል ጩኸት ነበር።

ቢቸግራት ገጿ ላይ ለጠፈች፦ «የመናኸሪያዋን ሴት ድምፅ የቀዳችሁ ካላችሁ እባካችሁ!» በአንድ ቀን ዘጠኝ ሺህ የልብ ምልክት ጎረፈ። «ልቤን ሰበርሽው»፣ «አጋሩት»፣ «አይዞሽ እህቴ»… አርባ ሦስቱ ተከታዮቿም ዘጠኝ ሺህ ሆኑ! እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ደስ አላት። ከዚያ እናቷ ከአልጋዋ ቀና ብላ፣ እጇን አጨብጭባ ስትጠራት ሰማች። ከዘጠኝ ሺህ ሰው አንድም ድምፁ ያለው አልነበረም።

ያኔ ስልኳን ወርውራ እናቷ እግር ሥር ተደፋች።

«እማዬ፣ ግደይኝ! ዕጣ ፈንታዬ ነው፣ እናቴን በገዛ እጄ ዲዳ እንዳደርግ የተፈረደብኝ! ከእንግዲህ ኮምፒውተር ብነካ እጄ ይሰበር! ምነው ሳልፈጠር በቀረሁ! እንደ እኔ ዕድለ ቢስ በዓለም ላይ አለች? ቅናት ነው እማዬ፣ እኔ እኮ ላንቺ ብዬ ነው የቀናሁት! የኔን ሥቃይ ማን ያውቅልኛል? ምሬቴን ማን…»

እናት ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቀስ ብላ ጻፈችና ለታላቋ ሰጠቻት። ታላቋ ጉሮሮዋን ጠራርጋ አነበበች፦

«ድምፅ ያጣሁት እኔ፣ የምትጮኺው አንቺ። እስኪ ዝም በዪና መድኃኒቴን አቀብዪኝ።»