በእንግዶቹ በኩል

«ኧረ አንተ ሰውዬ! ምን ነካህ? አስቀምጥ! ባለበት አስቀምጥ!»

ዊኒ ካሚንስኪ ከሜዳው መሃል ስትጮህ የመስመር ማስመሪያው ጋሪ አመለጣት፤ ነጩ ቀለም ጠማማ ሆኖ ቀረ። ሰውየው በምዕራቡ የተመልካቾች መቀመጫ አናት ላይ ቀና አለ። በሁለት ክንዱ ሙሉ ብርድ ልብስ ታቅፏል። እግሩ ሥር ደግሞ አጣጥፎ የከመረው ሌላ ሃምሳ ይሆናል።

«ሰዎች ረስተውት የሄዱ መስሎኝ ነው...»

«ረስተው? ዛሬ ሐሙስ አይደለም እንዴ!»

ሰውየው የሐሙስን ነገር ከየት ይወቀው? በኤልምፎርድ ከተማ ቤተሰብ ሁሉ ሐሙስ ሐሙስ መጥቶ፣ አርብ ማታ የትምህርት ቤቱን የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ለማየት በሚቀመጥበት ቦታ ብርድ ልብሱን ዘርግቶ ይሄዳል። ዘበኛ የለ፣ ስም የለ። የዚያ አገር ሰው ሚስቱን ያሽኮረመመውን ይቅር ሊል ይችላል፤ ብርድ ልብሱን ያነሳበትን ግን በፍጹም!

«አሁን የማን የት እንደነበር ማን ያውቃል?» አለች ዊኒ፣ ራሷን ይዛ። «በአንድ ክንድ ቦታ ተጣልተው አሥራ አንድ ዓመት የተኮራረፉ አሉ እኮ!»

«አንቺስ አታውቂውም?»

ታውቀዋለች። የሜዳው ጠባቂ እሷ ናት፤ ከእሷ በፊትም አባቷ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ እሷ ከታች እየጠራች እሱ ከላይ እየሮጠ ዘረጉት።

«ሰማያዊው የዴልጋዶዎች! ወደ ግራ! አይ ያንተ ግራ! ኧረ ግራህን አታውቅም እንዴ?»

መጨረሻ ላይ ሁለቱም እየሳቁ ደረጃው ላይ ተዘረጉ። የሚስቀው ዓይኑ ልቧ ውስጥ ገባ፤ ምን ታድርግ?

«ለመሆኑ ማነህ?»

«ኤሞሪ ሃስ። መሐንዲስ ነኝ። መቀመጫው ይቆማል ወይስ ይፈርሳል የሚለውን እንድመረምር የትምህርት ቤቱ ቦርድ ልኮኝ ነው።»

የዊኒ ሳቅ እዚያው ደረቀ።

ምክንያት ነበራት። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ነሐሴ በመጣ ቁጥር፣ ዊኒ ብቻዋን መቀመጫው ሥር እየገባች በተሸካሚው ግንብ ላይ የወጣውን ስንጥቅ በሲሚንቶ ትደፍንና በነጭ ቀለም ትቀባው ነበር። ያ መቀመጫ የብረት ፋብሪካው በተዘጋበት በችጋሩ ዘመን፣ ሥራ ያጡ አባቶች ከወንዝ ድንጋይ እየተሸከሙ የገነቡት ነው። ከተዘጋ ሌላ አይሠራም። ቡድኑም ከባላንጣው ከጎረቤት ከተማ ከካልደር ቡድን ጋር ይቀላቀላል ተብሎ ይወራል። ይህን ያህል ነገር ትከሻዋ ላይ ተሸክማ ለማን ትንገር? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሳትሰማ ቀርታ አይደለም። ፈርታ ነው!

ኤሞሪ ሦስት ሳምንት ተመላለሰ። እሷም ትከተለዋለች፤ ለምን እንደምትከተለው ለራሷም አልገባትም። ለፍቅር ይሁን ለጥበቃ! ሜዳውን ሁሉ አሳየችው። ዝናብ ሲነካው የሚጠፋውን የመብራት ምሰሶ፣ ሰባት ቁጥርን መጻፍ እምቢ ያለውን የውጤት ሰሌዳ፣ ተርብ ቤቱን የሠራበትን የጨዋታ አስተላላፊዎች ክፍል።

«የልብስ መቀየሪያው ክፍል ሻወር ሙቅ ውኃ አለው?»

«የኛ የለውም።»

«የእንግዶቹስ?»

«እሱማ ጭራሽ ውኃ የለውም!»

አንድ ቀን ዝናብ ጣለና ሁለቱም የትኬት መቁረጫዋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተጠለሉ። እዚያ ሳማት። ያን ዕለት ዊኒ እህል አልወርድ አላት፤ ቁጭ ብድግ ስትል ዋለች።

በማግስቱ ኤሞሪ ቀለሙንና ሲሚንቶውን በጩቤ ፍቆ፣ እጁን ስንጥቁ ውስጥ ከቶ ጠበቃት።

«ዊኒ፣ ይሄን ስንጥቅ ሰው ሆን ብሎ ደብቆታል። ማን ይመስልሻል?»

ዊኒ ዓይኗን ከስንጥቁ አነሳች።

«አባቴ... ይሆናል።»

ወይ ጉድ! የሞተ አባቷን! ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ልትመልሰው ፈለገች። ኤሞሪ ግን እጇን ያዘ። የአባቷ ስም እንዳይነሳ ብሎ፣ ለእሷ ብሎ፣ በዘገባው ላይ «ስንጥቁ መቼ እንደጀመረ አልታወቀም» ብሎ ጻፈ። በዕድሜው አጉድሎ ጽፎ የማያውቅ ሰው!

ዘገባው የቀረበው ከካልደር ጋር በሚጫወቱበት አርብ፣ በቀትር፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነበር። የቦርዱ ሰብሳቢ ድዌይን ፕራት መቀመጫው ዛሬውኑ ይዘጋ የሚለውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«መቼ እንደጀመረ ካላወቅህ ለዛሬ ቢቆይስ? ሰኞ እንዘጋዋለን።»

«ዛሬ እኮ አራት ሺህ ሰው ሊዘልበት ነው!» አለ ኤሞሪ።

«ሰማንያ ዓመት ተዘሎበታል። አንተ ብርድ ልብስ ከቆሻሻ የማትለይ ሰው፣ ስለኛ ሜዳ ልትነግረን ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። ዊኒ ከኋላ ቆማ ትሰማለች። ዝም ብትል ሥራዋም ፍቅሯም ይተርፋል፤ ማታ ግን ሕፃናት እዚያ ላይ ሊወጡ ነው።

«ስድስት ዓመቱ ነው!» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም። «በየዓመቱ ይሰፋል። አሁን ጡጫዬ ይገባል። እየደፈንኩ የቀባሁት እኔ ነኝ!»

ኤሞሪ ዞሮ አያት።

«አባትሽ ነው ብለሽኝ ነበር።»

«ዋሸሁህ።»

ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። ፕራት እጁን ዘረጋ፤ ዊኒም የሜዳውን ቁልፍ መዳፉ ላይ አኖረች። የምዕራቡ መቀመጫ በዚያው ሰዓት ተዘጋ።

ማታ ሕዝቡ በር ላይ ተከማቸ። ቦታ የነበረው በምሥራቅ፣ በእንግዶቹ በኩል ብቻ ነው። ከካልደር ሰዎች ጋር! እዚያ ከመቀመጥ እቤቱ መተኛትን የሚመርጠው ብዙ ነው። አንዱ ይሳደባል፣ አንዱ ዊኒን በዓይኑ ይበላታል።

ያኔ ሚስተር ስቶልዝ ከዘራቸውን ይዘው ከሰው መሃል ወጡ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ከሠርጋቸው ወዲህ መቀመጫ ቀይረው አያውቁም።

«ሚስተር ስቶልዝ፣ ወዴት ነው የሚሄዱት?» አላቸው ፕራት።

«ልቀመጥ ነዋ!»

«በካልደሮች በኩል?»

«ስማ ልጄ፣ ድንጋዩን የተሸከመው አባቴ ነው። የሠራው፣ ሰው እንዲቀመጥበት ነው እንጂ እንዲቀበርበት አይደለም!»

ሜዳውን አቋርጠው፣ ቀስ እያሉ ብቻቸውን ሄዱ። ከዚያ ዴልጋዶዎች ተከተሉ። ከዚያ አንድ እናት ሁለት ልጆቿን ይዛ። ከዚያ ሁሉም።

«ኑ፣ ኑ! ስትሸነፉ ከቅርብ ታዩታላችሁ!» አሉ ካልደሮች፤ እያሾፉም ቢሆን ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁ።

ዊኒ ግን አጥሩን ይዛ ቀረች። በየትኛው ፊቷ ትሻገር?

«አትሄጂም?»

ኤሞሪ ነው።

«የሄድክ መስሎኝ...»

«መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ቁልፉን ሳላዞር ተቀመጥኩ።»

«ይቅር በለኝ ኤሞሪ። ሜዳውን እንዳላጣ ብዬ፣ ሰው ልገድል ነበር። አንተንም...» እንባዋ ቀደማት።

«እኔም ላንቺ ብዬ አጉድያለሁ። ሁለታችንም እኩል ነን።» እሱም አጥሩን ያዘ። «ተናድጃለሁ ዊኒ። ገና አልበረደልኝም። ግን ተናድጄም ቢሆን አጠገብሽ ልሁን።»

ተሻገሩ። ለሁለት ሰው አይደለም ለአንድ የማይበቃ ቦታ ላይ፣ በአንዲት ወፍራም የካልደር ሴትዮና በሚስተር ስቶልዝ መሃል ተሰነቀሩ።

«ተቀመጡ እባካችሁ፣ ከለላችሁን!» አለች ሴትዮዋ።

የምዕራቡ መቀመጫ በሚያዝያ ፈረሰ። የመጀመሪያውን መዶሻ ያሳረፈችው ዊኒ ናት። እሷና ኤሞሪ በሰኔ ተጋቡ። ያ ሁሉ ግን ገና ነበር። ያን አርብ ማታ ካልደር ነጥብ አስቆጠረና ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ዘለለ። ዊኒ እንደ ልማዷ ደንግጣ ወደ ሰዉ እግር አየች። ወለሉ ግን ንቅንቅ አላለም።

ስድስት ዓመት ሙሉ ጨዋታ አይታ አታውቅም፤ ሰዉ የቆመበትን ብቻ ነበር የምታየው።

ቀስ ብላ ቀና አለች።

«ኤሞሪ... ስንት ለስንት ነው?»

«ሃያ ለሦስት እየተመራን ነው።»

«እሰይ!» አለችና ራሷን ትከሻው ላይ ጥላ ጨዋታውን ታይ ጀመር።