ሩብ ሰዓት

«ሠላሳ ስድስት ነጥብ አንድ» አለች እናቷ የሙቀት መለኪያውን ከአፏ አውጥታ። «ጻፊ፣ ዳኛዬ።»

ዳኛዋ አልጻፈችም። ይህ ቅጽል ስም የወጣላት በአሥራ አራት ዓመቷ፣ እናቷ ኬሞቴራፒ ስትጀምር የሕክምናው ደብተር ኃላፊና ደንብ አስከባሪ ስለሆነች ነው። ደብተሩ ላይ ሁሉም አለ፤ የማቅለሽለሹ ኪኒን ሰዓት፣ ለስላሳው የጥርስ ብሩሽ፣ አፍ እንዳይቆስል የሚመጠጠው በረዶ። በቀይ የተሰመረበት ግን አንድ ብቻ ነው፤ ያሰመረችውም ነርሷ ራሷ ናት። «ትኩሳቷ ሠላሳ ስምንት ከደረሰ ወዲያው ትደውያለሽ። መድኃኒቱ የሰውነቷን ዘበኞች አዳክሞባታል። ነገ የሚባል ነገር የለም» ብላታለች።

ችግሩ፣ መለኪያውን ስትቀበል የነካችው የእናቷ እጅ ይፋጃል። ጉንጯ ደግሞ በአንድ በኩል ብቻ አብጧል።

«እማዬ፣ አፍሽ ውስጥ ምንድን ነው?»

«ምላሴ ነዋ።»

«እስቲ ክፈቺ።»

በረዶ ነበር።

ዳኛዋ ልትቆጣ ፈልጋ አፈረች። አምና በሒሳብ ፈተና ቀን መለኪያውን ትኩስ ሻይ ውስጥ ነክራ አርባ ሁለት ያስነበበችው እሷ ናት። ያኔ እናቷ ቁጥሩን አይታ፣ «ነፍስሽን ይማር! ከቀብር መልስ ፈተናሽን ትፈተኛለሽ» ነበር ያለቻት።

«ካንቺ ነው የተማርኩት» አለች እናቷ።

«እኔ ቢያንስ ወደ ላይ ነው ያጭበረበርኩት።»

ሳቁ። ሳቁ ቶሎ አለቀ።

«ከሆስፒታል ከወጣሁ ገና ሦስት ቀኔ። አልጋዬን እንኳ በቅጡ አላሞቅኩትም» አለች እናቷ። «ነገ ጠዋት እንደውላለን። እሺ?»

ከሦስቱ ቀን በፊት ሆስፒታል የተኛችው ዘጠኝ ቀን ነበር። ያን ሁሉ ቀን የእናቷ የስፌት መኪና ሽፋኑን እንደለበሰ ከረመ። ዳኛዋ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሽፋኑን ገልጣ ፔዳሉን በባዶው ትረግጥ ነበር፤ ድምፁን ለመስማት ብቻ። የእናቷ ማንጎራጎር ስለሌለበት የጎረቤት ስፌት መኪና ይመስላት ነበር።

«ቀዝቃዛ ነገር ከወሰደች ሩብ ሰዓት ጠብቃችሁ ለኩ ይላል» አለች ደብተሩን እያየች። «ትፊው።»

እናቷ በረዶውን ብርጭቆ ውስጥ ተፋችው። ዳኛዋ ጫማዋን አውልቃ አጠገቧ ተጋደመች።

«ዝም ብለሽ አትጠብቂ። እያንጎራጎርሽ ጠብቂ።»

«ዳኛ ደግሞ ዘፈን ያዛል እንዴ?»

ቢሆንም አንጎራጎረች። ዳኛዋ ፊቷን የእናቷ ትከሻ ላይ አሳርፋ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ሰዓት ቀስ እንዲል ለምና የምታውቀው ፈተና ላይ ብቻ ነበር። ያኔም አልሰማትም። ብርጭቆው ውስጥ በረዶው አነሰ፣ አነሰ፣ ውሃ ሆነ።

ሠላሳ ስምንት ነጥብ አራት።

እናቷ ስንት እንደሆነ አልጠየቀችም። ዳኛዋ ቁጥሩን ጻፈችና ስልኩን አነሳች። እየጠራ ሳለ በሌላ እጇ ለስላሳውን የጥርስ ብሩሽ የሆስፒታሉ ቦርሳ ውስጥ ከተተች።

እናቷ ከተመለሰች ወዲህ ተገልጦ የቆየውን የስፌት መኪና ግን አልሸፈነችውም።